የሮሚ ሆቴልና የጠፉት ፓስፖርቶች

የሰደበው ባርናባስ ነው። ቀኑ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ቦታው ካልጋሪ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር የሚገኘው የባርናባስ ሳሎን፣ ጊዜው ደግሞ ምሳ ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ። ኪራኮስ የራሱን ልደት ይረሳል፤ የተሰደበበትን ቀን ግን አይረሳም። ማን ምን ለብሶ እንደነበር፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን አንገቱን እንደደፋ ሁሉ ያስታውሳል።

ያን ቀን ባርናባስ በትልቁ ቲቪ ለእንግዶቹ ሆቴል እያሳየ ነበር። ልጁን ሮሚን ፍሎሪዳ ወዳለው ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል። መጀመሪያ የመረጠውን ሆቴል ሎቢው ጠባብ ነው ብሎ ተወው። ሁለተኛውን ከፓርኩ ይርቃል ብሎ ተወው። አሁን ሦስተኛው ላይ ደርሷል። በረንዳው ላይ ሆነው ርችት የሚያዩበት፣ አልጋው የሐር መጋረጃ የተጋረደበት፣ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ኪራኮስ የሚኖርበትን ቤዝመንት የሚያክል ሆቴል ነው።

ኪራኮስ የባርናባስ ሚስት የአርያም ታላቅ ወንድም ነው። ምክር ቢጤ ጣል አደረገ።

"ይሄ ለእናንተ እንጂ ለሮሚ አይሆንም። ልጅ የምትፈልገው ውኃ ነው። መንሸራተቻ ያለው የመጀመሪያው ይሻላት ነበር።"

"ኪራኮስ፣" አለ ባርናባስ። ሁልጊዜ ከስሙ በፊት የሚያስቀድማትን "ጋሼ" ያን ቀን ዋጣት። "አንተ የሆቴል ክፍል የምታውቀው ቫኪዩም እየገፋህ ነው። አልጋው ላይ ተኝተህ አታውቅም።"

ሰው ሳቀ። አርያምም አፏን በእጇ ከልላ ሳቀች። የእሷን ሳቅ ኪራኮስ ከሌላው ሰው ሳቅ ለይቶ አስቀመጠው።

ውሸት ቢሆን ኖሮ ባልከነከነው። ካልጋሪ እንደገባ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፍ ከርሟል። ትምህርቱንም ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለ ነው ያቋረጠው። አሁን አየር ማረፊያው ውስጥ ሴኩሪቲ ነው፤ ዩኒፎርም ይለብሳል፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጥላል። ያ ባጅ አቢዴል ሰፈር ያለው የቤዝመንት ኪራዩም፣ ኩራቱም ነው።

ከዚያ ወዲህ የባርናባስን ደጅ የረገጠው አንዴ ብቻ ነው። እሱም በጉዞው ዋዜማ፣ ለሮሚ ሲል።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጠራ። አርያም ነበረች።

"ጋሼ፣ አሁኑኑ ና።"

"ምነው?"

"ፓስፖርቶቹ የሉም።"

በረራው ከሰዓት በኋላ ነበር።

*

ኪራኮስ ሲደርስ ሻንጣዎቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል። ሮሚ ሮዝ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታወዛውዛለች። ባርናባስ ለጉዞ ባዘጋጀው ጥቁር ሰማያዊ ጃኬቱ ሳሎኑን ይንጎራደዳል። እናቱ እትዬ አበበች ጥግ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ወለሉን ያያሉ።

የጠፉበት ቦታ ባዶውን ይታያል። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ አመሻሽ መምሬ የሺዋስ መጥተው የመንገድ ጸሎት አድርሰው ነበር። እትዬ አበበች ፓስፖርቶቹ ከሥዕሉ ሥር ይደሩ አሉ። ባርናባስ ሦስቱንም ዚፕ ባለው ላስቲክ አድርጎ አመጣ።

"አውጣቸው እንጂ ልጄ፣ ጠበሉ ይድረሳቸው" አሉት።

"ይበላሻሉ እማዬ" አለና ከነላስቲኩ አስቀመጣቸው። መምሬ ረጩ፣ አሳረጉ፣ እንግዳው ተበተነ። ኪራኮስ ሻንጣ ለማውረድ ሲያግዝ ቆይቶ ከሁሉም ኋላ ወጣ።

አርያም ኪችኑ በር ላይ አቆመችው። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ አንተ ከሆንክ መልስልኝ። አልቀየምህም።"

"እኔ?"

"ሆቴሉ አናዶሃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታህ እንኳን ተለውጧል። መጨረሻ የወጣኸውም አንተ ነህ።"

"እና የሮሚን ፓስፖርት እሰርቃለሁ?"

"አላውቅም። ለፖሊስ ደውያለሁ።"

ኪራኮስ ይችንም አስቀመጣት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ኪችኑ በር ላይ፣ በገዛ እህቱ አፍ።

ሮሚ ከሻንጣዋ ላይ ሆና አየችው። "አንክል ኪራ፣ ላይክ፣ አንተ ነህ የወሰድከው? ኢትስ ኦኬ፣ ብትመልሰው።"

ይሄኛውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ።

*

ፖሊሷ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጫማዋን በሩ ላይ ማውለቅ ይኖርባት እንደሆነ ጠየቀች፤ አርያም ግድ የለም አለቻት። በሩን አየች፣ መስኮቱን አየች። የተሰበረ ነገር የለም።

"ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው አለ?"

"ጎረቤታችን ሃፍሳ" አለች አርያም። "አበቦቹን ውኃ እንድታጠጣ ነው የሰጠናት።"

ሃፍሳ ተጠራች። አረጋውያን መንከባከቢያ ከሚገኘው ሥራዋ ገና መግባቷ ነበር፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ቀልቷል። ከአርብ ከሰዓት ጀምሮ ሺፍት ላይ ነበረች፤ የሥራ ባልደረባዋም በስልክ አረጋገጠች። "ወላሂ እኔ እንኳን ሮሚን ስጦታ አምጪልኝ ልላት ነበር" ብላ ወጣች።

ፖሊሷ ወደ ኪራኮስ ዞረች።

"ሲወጡ ሳሎኑ ውስጥ ማን ነበር?"

"ማንም አልነበረም። እነሱ ፎቅ ነበሩ።"

"ብቻዎን ነበሩ ማለት ነው።"

"ብቻዬን።"

"ከባለቤቱ ጋር ጠብ አለዎት?"

"ጠብ የለኝም። ተሰድቤያለሁ።"

"የት ነው የሚሠሩት?"

"አየር ማረፊያ። ሴኩሪቲ።"

እስክሪብቶዋ ቆም አለ። ኪራኮስ የዚያ መቆም ትርጉም ገባው። አየር ማረፊያ የሚሠራ ሰው ስሙ ከተሰረቀ ፓስፖርት ጋር ከተነሳ ባጁን ይነጥቁታል፤ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው በኋላ የሚታይ ነው። ባጅ ከሌለ ሺፍት የለም።

"ጋራዡንም ልየው" አለች ፖሊሷ።

"እሱን እኔ ፈትሼዋለሁ" አለ ባርናባስ ቶሎ።

"እሺ። መኪናዬ ውስጥ ሪፖርቱን ጀምሬ እመለሳለሁ። ማንም አይውጣ።"

*

ኪራኮስ እትዬ አበበችን ተከትሎ ክፍላቸው ገባ። ፖሊሷ ስትጠይቅ አንዴም ቀና አላሉም። አውራ ጣታቸውን በነጠላው ጫፍ ሲያሹ፣ ሲያሹ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠረው እሳቸውን ነበር። ጉዞውን አልወደዱትም። ፍልሰታ ሳይገባ ካልተመለሳችሁ ብለው ስንት ጊዜ ተቆጥተዋል፤ ቀኑ የተመረጠውም በእሳቸው ልቅሶ ነው።

"እትዬ አበበች፣ ወሰዱት እንዴ? ለእኔ ይንገሩኝ።"

"በእመቤቴ፣ አልወሰድኩም።"

"ነክተውታል ግን።"

እንባቸው ቀደማቸው። "ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወርጄ ከላስቲኩ አወጣኋቸው። ጠበሉ አልደረሳቸውም ብዬ።"

"ከዚያስ?"

"እምነት ቀባኋቸው።"

ከገዳም የሚመጣውን፣ አመድ የመሰለውን የተባረከ አፈር ማለታቸው ነው። አርብ ለት የኪራኮስንም ግንባር ከዚያው ቋጠሮ ቀብተውት ነበር።

"ፊቱንም ጀርባውንም። ትንሽ ይበዛል መሰለኝ። ከዚያ ላስቲኩ አልዘጋ አለኝ፣ ጣቴ አይጨብጥ፤ እንዲሁ ክፍቱን ተውኩት። ዛሬ ጠፋ ሲሉ ወረቀት ያበላሸሁ እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ።"

"አላበላሹም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እምነቱ የወሰደው ሰው ላይ ምልክት ሳይተው አይቀርም" አለና ወጣ። እሳቸው አልገባቸውም። እሱም ገና በደንብ አልገባውም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ስድቡን በየቀኑ እንደ ዳዊት ሲደግመው ስለከረመ፣ በፊቱና በኋላው የተባለውም አብሮ ተቀምጧል። ባርናባስ ያን ቀን ሦስተኛውን ሆቴል ሲከፍት መጀመሪያ ያየው ርችቱን አልነበረም። ወደ ታች፣ ወደ ታች ወርዶ፣ "እስከ መጨረሻው ቀን ካንስል ይደረጋል፣ ጥሩ" ነበር ያለው። ቤተ መንግሥት የሚያክል ሆቴል የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ መሰረዣውን ይፈልጋል?

አርብ ለት ደግሞ ላስቲኩን አልከፍትም አለ። ዛሬም ጋራዡን አላስፈትሽ አለ።

ኪራኮስ በኪችኑ በኩል ወደ ጋራዡ ገባ።

የክረምት ጎማዎቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። በረዶው ሲያልቅ ያወለቃቸውም፣ የደረደራቸውም እሱ ነው፤ እስከ ጥቅምት ማንም አይነካቸውም። የላይኛው ጎማ ጥቁር ጎኑ ላይ ነጣ ያለ ነገር ተቀብቷል። በጣቱ ነካው። የላመ፣ አመዳማ። ጎንበስ ብሎ ክንዱን ወደ ጎማዎቹ ሆድ ሰደደ።

ላስቲኩ እዚያ ነበር። ዚፑ እንደተከፈተ።

የአርያምና የሮሚ ፓስፖርት የካናዳ ነው። የባርናባስ የኢትዮጵያ ነው፤ ዜግነቱን ገና አልወሰደም። ኪራኮስ ገለጠው። ገጽ በገጽ። የአሜሪካ ቪዛ የለውም።

በሩ ከኋላው ተከፈተ።

"አስቀምጠው" አለ ባርናባስ።

"ቪዛህ የታለ?"

"ኪራኮስ፣ አስቀምጠው ነው የምልህ።"

"መጣልኝ ብለህ ለአርያም ነግረሃታል። እኔ እያለሁ ነው የነገርካት። ፋሲካ ሳይደርስ።"

ባርናባስ በሩን ከኋላው ዘጋ። ጥቁር ሰማያዊው ጃኬቱ ኪስ አፍ ላይ ያው ነጭ ነገር ተለጥፏል። አላየውም።

"ከለከሉህ?"

"ሁለቴ።" መጥረጊያውን ተደግፎ ቆመ። "መጀመሪያ ሲከለክሉኝ እንደገና አመለክታለሁ አልኩ። ጊዜ እንዲገዛልኝ ሆቴሉን ቀየርኩ። አሁንም ቀየርኩ። ሰው ባርናባስ ምርጫ አበዛ ይላል፣ እኔ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ከትላንት ወዲያ መልሱ መጣ።"

"እነሱ ይሂዱ አትልም?"

"ለሰው ሁሉ አውርቼ? ቲቪ ላይ እያሳየሁ?"

"ቼክ-ኢን ላይ መቼም ይመልሱህ ነበር።"

"እሱ ነው የገደለኝ።" መጥረጊያውን ለቀቀው። "ገና ሳትሳፈር፣ እዚሁ ካልጋሪ አየር ማረፊያ ላይ ነው የአሜሪካ ኢሚግሬሽኑ፤ አንተ ታውቀዋለህ። ሮሚ እጄን ይዛ እያለች አንተ አትገባም ሊሉኝ ነው። አንተ ደግሞ ዩኒፎርምህን ለብሰህ እዚያ ቆመህ ልታየኝ።"

ኪራኮስ ቢያስበው ቢያስበው ይሄን ምክንያት አላሰበውም ነበር። የሰደበው ሰው እሱን ይፈራል።

"በእኔ እንደሚያሳብቡ አላወቅህም?"

"ማንም ላይ ይሆናል አላልኩም። ሌባ ገባ ይባላል፣ ጉዞው ይቀራል፣ ፓስፖርቱ አንድ ቀን ይገኛል ብዬ ነው። ጠዋት አርያም ስምህን ስታነሳ ግን ዝም አልኩ። ዝም ብያለሁ፤ እሱን አልክድም።"

"ፖሊሷ ስሜን ይዛ መኪናዋ ውስጥ እየጻፈች ነው። ሁለቱን ለእህቴ እሰጣለሁ። የራስህን አንተው ይዘህ ግባ። ከአፍህ ትስማው።"

*

አርያም ቁጭ ብላ ሰማችው። አልጮኸችም። አንዴ ብቻ፣ "ለእኔም ትዋሻለህ?" አለችው። ባርናባስ ጫማውን አየ።

"ሶ ዳዲ አይመጣም?" አለች ሮሚ።

"አይመጣም የኔ ቆንጆ" አለ ባርናባስ። "አያስገቡኝም።"

"ለምን? ምን አደረግክ?"

"ምንም አላደረግኩም። ወረቀት ነው።"

አሰብ አደረገች። "ርችቱን በቪዲዮ ኮል አሳይሃለሁ። ባት ስልክህን ቻርጅ አድርግ።"

ባርናባስ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባና ውኃውን ከፈተው። እትዬ አበበች ሁለቱን ፓስፖርቶች በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ፤ ከዚያ ስስት ያዛቸውና ጥቂት እምነት አስቀሩበት። አርያም ወደ ፖሊሷ ወጥታ ቤት ውስጥ እንደተገኙ ነገረቻት፤ የወንድሟ ስም እንዲሰረዝ ቆማ ጠየቀች፣ ሲሰረዝም ቆማ አየች።

አየር ማረፊያው ድረስ ባርናባስ ነዳ። መግቢያው ጋ አርያም የኪራኮስን እጅ ያዘች፤ "ጋሼ፣" አለችና ጎንበስ ብላ ሳመችው። ሮሚ ሮዝ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ኋላዋ እያየች በመስታወቱ በር ገባች። እስክትሰወር እጇን አላወረደችም።

ሁለቱ ወንዶች ቀሩ። ኪራኮስ ሺፍት አለው። ባርናባስ መኪናው አጠገብ ቆሟል።

"ጋሼ ኪራኮስ።"

ዞረ።

"ለሰው ትናገራለህ?"

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ሲቀዳ፣ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ እዚያ ይኖራሉ። ኪራኮስ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ የሚናገረውን ሲያሾል ከርሟል። አሁን ከዚያ የበለጠ ስለት በእጁ ገብቷል።

ባርናባስን አየው። ዓይኑ ደፍርሷል። ለጉዞ የለበሰው ጃኬት ገና አልወለቀም፣ ኪሱ ላይ ያቺ ነጭ እድፍ አለች።

ኪራኮስ ጠጋ አለ። እድፏን በመዳፉ አንዴ፣ ሁለቴ አራገፈለት፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ እንደሚያደርጉት። ባጁን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ።