የሊዝበን ምላስ

ባልታዛር ኳሬዝማ ሹካውን እንደጨበጠ ሞተ።

ኢንስፔክተር ኦቲሊያ ባራዳሽ በግራሳ ኮረብታ ላይ ወዳለችው ጠባብ ምግብ ቤት ስትደርስ፣ ሬሳው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ በጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ ነበር። ገለጥ አድርጋ አየችው። ከንፈሩ አብጧል፤ አንገቱን ቀይ ሽፍታ ወርሶታል።

«ጉሮሮው አብጦ ነው የታፈነው» አለ ሐኪሙ። «ሰውነቱ የማይቀበለው ነገር በልቷል።»

ባልታዛርን የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። የሊዝበንን አቀበትና ቁልቁለት በእግሩ እየዞረ ጥሩ የአገር ምግብ የሚበላበትን ቤት ሲፈልግ የኖረ፣ ያገኘውን ደግሞ እሁድ እሁድ በሬዲዮ የሚናገር ሰው ነበር። ያመሰገነው ቤት በር ላይ ሰው ይሰለፋል፤ የነቀፈው ብዙም ሳይቆይ ይዘጋል። ሕዝቡ «የሊዝበን ምላስ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር።

ቀኑ ሰው የሚያቁነጠንጥ ሙቀት ነበረው። ከወንዙ የሚነሳው ነፋስ መስኮቶቹን ያንገጫግጫል፤ ትራም ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። ኦቲሊያም ብትሆን መቀመጥ አይሆንላትም። ከጠረጴዛው ወደ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ ወደ በሩ እየተመላለሰች ነው የምትጠይቀው።

ሌላ ተመጋቢ ከመምጣቱ በፊት ስለነበር በቤቱ የነበሩት ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ዶና ኤርሜሊንዳ፣ የሟቹ እህት ፌሊዝሚና፣ እና በሬዲዮ ዝግጅቱ ረዳቱ የሆነው ሌአንድሮ ፔስታና።

ኤርሜሊንዳ ምድጃው አጠገብ ቆማ ሽርጧን ትጠመዝዛለች።

«ሰውየውን ያውቁታል?» አለች ኦቲሊያ።

«ማን የማያውቀው አለ? አባቴን የቀበረ ሰው ነው!»

«እንዴት ማለት?»

«አባቴ ኦኖራቶ ይባላል። ካምፖ ዴ ኦሪኬ ሰፈር ምግብ ቤት ነበረው። ይሄ ሰውዬ በሬዲዮ ‹የኦኖራቶ አሳ የሰነበተ ነው› አለ። በቃ! ሰው ቀረ፣ ቤቱ ተዘጋ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ከደጅ አልወጣም። ክረምቱን ሳይጨርስ ሞተ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አስተናገዱት?»

«በሬን የከፈተ ሰው እንዴት ላባርር? ያ ሌአንድሮ የሚባለው ጠዋት መጥቶ ‹ምሳ ፓታኒሽካ አዘጋጂ› አለኝ። የጨው አሳ በሊጥ ነክሬ ጠበስኩለት። ሊጡም ዛሬ አስቸገረኝ። ውሃ ስጨምርበት ይጠጣል፣ ስጨምርበት ይጠጣል። ስቀምሰው ደግሞ መረር አለኝ። የማጣፈጫ ቅጠሉ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ሌአንድሮ ወጥ ቤት ገብቶ ነበር?»

«ገብቷል። ዱቄቱን በሳህን አዘጋጅቼ፣ ቅጠል ልለምን ጎረቤት ስሄድ እሱን ብቻውን እዚሁ ትቼው ነው የወጣሁት። ትእዛዙስ ብዛቱ! ከቢራ ጋር የምናቀርበውን ግብጦ እንኳ ‹ጠረጴዛችን ላይ እንዳላየው› አለኝ።»

«የሟቹስ እህት?»

«እሷማ እጇን ልትታጠብ ነው የገባችው። ያኔ መጥበስ ጀምሬያለሁ።»

ኦቲሊያ የተረፈውን ሊጥ ወደ ምርመራ ላከችና ወደ በሩ ወጣች። ፌሊዝሚና ጥላ ስር ቆማ የቦርሳዋን መዝጊያ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ወንድምዎ የማይበላው ነገር ነበር?»

«ኦቾሎኒና ግብጦ። ልጅ ሆነን ሊሞትብን ነበር። ግን ለሰው አይናገርም። ‹ምግብ እየቀመስኩ የምኖር ሰው ምግብ ይገድለኛል ልበል?› እያለ ያፍራል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዲህ ሲያብጥ የሚወጋውን የመድኃኒት መርፌ ሁልጊዜ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይይዛል። ሲያንቀው ሮጬ ብፈልግ ኪሱ ባዶ ነው!»

«ኮቱን ማን ሰቀለው?»

«ሌአንድሮ። የትም ስንሄድ ተቀብሎ የሚሰቅልለት እሱ ነው።»

«ምግቡ እንዴት ነበር?»

«ይመር ነበር። ‹ባልታዛር፣ ይሄ ነገር አይመርም?› አልኩት። ቀና ብሎ ሌአንድሮን አየው። ከዚያ ‹ምን ይመራል? ግሩም ነው› አለኝ።»

ኦቲሊያ እርምጃዋን ገታች። «መጀመሪያ ሌአንድሮን አየው?»

«አዎ። ምነው?»

«እዚህ ቤት ልብላ ያለውስ ማን ነው?»

«ራሱ ባልታዛር። እንቅልፍ ካጣ ሰነበተ። ‹እሁድ በሬዲዮ የምናገረው አለ፤ አስቀድሜ ግን ለኦኖራቶ ልጅ ፊት ለፊት መንገር አለብኝ› ይል ነበር። ሳይነግራት ቀረ።»

ሌአንድሮ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ በጣቶቹ ጠረጴዛውን ይደበድባል። የለበሰውን ሸሚዝ ግን የላብ ጠብታ እንኳ አልነካውም።

«ምን ትጠይቂኛለሽ ኢንስፔክተር? ሴትየዋ ቂም አላት። እሷው አበሰለች፣ እሱ በላ፣ ሞተ።»

«ምግቡን ወደዱት?»

«እንከን የለውም። ምግቡንማ ትችልበታለች።»

«ግብጦ እንደማይስማማው ያውቁ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

የምርመራው ውጤት እንደመጣ ኦቲሊያ ሦስቱንም እዚያችው ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው። ረዳቷ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ግን በወንበሮቹ መካከል መዞሯን አላቆመችም።

«ሊጡ ውስጥ የግብጦ ዱቄት ተገኝቷል» አለች። «ውሃ ሲጠጣ የዋለው፣ የመረረውም ለዚህ ነው። ዶና ኤርሜሊንዳ ቂም አላት። ነገር ግን ግብጦ እንደሚገድለው አታውቅም፤ ብታውቅማ ሊጡ አስቸገረኝ፣ መረረኝ ብላ ራሷ አትነግረኝም ነበር። እህቱ ታውቃለች። ወጥ ቤት የገባችው ግን ሊጡ ከተቦካ በኋላ ነው።»

«እኔን ልትይ ነው?» አለ ሌአንድሮ እየሳቀ። «አላውቅም አልኩሽ እኮ።»

«የማያውቅ ሰው፣ ግብጦ ጠረጴዛችን ላይ እንዳላይ ብሎ አያዝም። ለዓመታት በየምግብ ቤቱ ቀድመው እየገቡ ሲያዙት ኖረዋል። ያን ጠዋትም ከልማድ አመለጠዎት። ከዱቄቱ ጋርም ብቻዎን የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

ሌአንድሮ መሳቁን ተወ።

«የከነከነኝ ግን ሌላ ነው» ቀጠለች ኦቲሊያ። «ምግቡ ይመራል። ያበሰለችው አውቃዋለች፤ እህቱም አውቃዋለች። በሊዝበን ሁሉ ምላሱ የተመሰከረለት ሰው ግን ሳያውቀው በላ! ለእህቱ ከመመለሱ በፊትም የሌአንድሮን ፊት አየ። ሲያክመው የኖረውን ሐኪም ጠየቅሁት። ባልታዛር ከዓመታት በፊት ክፉ ትኩሳት ይዞት ከዳነ ወዲህ ጨውና ስኳር አይለይም ነበር።»

ፌሊዝሚና አፏን በእጇ ያዘች። «አንድ ቤት እየኖርን! ወጤን ‹ጨው በዛበት› እያለ ይቆጣኝ ነበር እኮ...»

«እንዳያውቁበት ነው። ለእሱ የሚቀምስለት ሌአንድሮ ነበር። ስለዚህ መራራ ነገር ቢሰጠው እንደማይተፋው የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው የመረረውን ‹እንከን የለውም› ብሎ ነገረኝ። የኦኖራቶም አሳ ‹የሰነበተ ነው› የተባለው ከትኩሳቱ በኋላ ነው። ባልታዛር የሌላ ሰው ውሸት በገዛ አፉ መናገሩን ደርሶበታል። እሁድ ሁሉንም ሊያወጣው ነበር። መርፌውም፣ አቶ ሌአንድሮ፣ ከመኪናዎ ወንበር ስር ተገኝቷል።»

ሌአንድሮ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ያዘው።

«ቃሉ ሁሉ የእኔ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ከተማው ሲያጨበጭብ የነበረው ለእኔ ምላስ ነው! ሊያዋርደኝ?» ወደ ኤርሜሊንዳ ዞረ። «አባትሽ ገና ወጣት ሳለሁ በሰው ፊት ድስቱን ከእጄ ነጥቆ ‹አንተ ወጥ ቤት አይሆንልህም› ብሎ አባረረኝ።»

«አሳውስ?» አለች ኤርሜሊንዳ ድምፅዋ እየሰለለ። «የአባቴ አሳ ሰንብቶ ነበር?»

እጆቹን በካቴና አስረው ሲያወጡት ከኋላው ተከትላ እስከ ደረጃው ወረደች። «ንገረኝ እንጂ! ሰንብቶ ነበር?»

«የዚያን ቀን የተጠመደ ነበር» አለ ሳያያት።

እሁድ ፌሊዝሚና በወንድሟ ፋንታ ማይክሮፎን ፊት ቀረበች። በሕይወቷ በሬዲዮ ተናግራ አታውቅም። ወረቀት ሰጥተዋት ነበር፤ ገፋ አደረገችው።

«ወንድሜ ሊነግራችሁ የነበረውን ነው የምነግራችሁ» አለች። «የኦኖራቶ አሳ ትኩስ ነበር። ውሸት ነው የተናገርነው። የሞተውን ሰው የምክስበት ነገር የለኝም። ልጁ ግን ግራሳ ላይ አለች፤ ሄዳችሁ ስለ አባቷ ይቅርታ በሏት።»

ኤርሜሊንዳ በወጥ ቤቷ ሬዲዮውን ስትሰማ ዘይቱ መንተክተክ ጀምሮ ነበር። እሳቱን አጠፋችና ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ቆመች። ውጭ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነበር። እስኪበቃት አልቅሳ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ሄዳ ከፈተችለት።