ከበረዶው መንደር እስከ ፌርማታው

«ግራ ወይስ ቀኝ?» አለች አስጎብኚዋ ከጃፓን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። ፊቷን አሳይታ አታውቅም። ስልኩ ላይ የሚታየው ቢጫ የጎማ ቦቲዋና አንዳንዴ ጓንት ያጠለቀ እጇ ብቻ ነው። ከፊቷ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው በረዶ ወደለበሰ ድልድይ፣ ቀኙ ጥድ ወደሞላበት ኮረብታ። በኢንተርኔት በቀጥታ ስርጭት የሚከታተሏት ሰዎች ይመርጣሉ፣ እሷ ብዙ ድምፅ ወዳገኘው ትሄዳለች። ለምን አትልም። አንዴ ተንኮለኞች ተሰባስበው አንዱን አጥር ደጋግመው ሲያስዞሯት እንኳ ዝም ብላ ዞራለች።

ቁልፌ «ግራ» የሚለውን ነካች። ለእሷ ግራውም ቀኙም ያው ነው። ሰሞኑን ሁሉም ነገር ያው ነው፤ ምሳው ያው፣ ትምህርት ቤቱ ያው፣ ቅዳሜው ያው። በረዶው ከቦቲው ሥር ከሽ ከሽ ሲል ግን ደስ ይላታል። ደስ ይላታል እንኳ አይባልም፤ አያስጠላትም።

ቁልፌ እውነተኛ ስሟ አይደለም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጅቷ ዳዴ በምትልበት ዘመን ከስፌት መኪናው ሥር የሸሚዝ ቁልፍ እየለቀመች አፏ ውስጥ ትከት ስለነበር ነው ስሙ የወጣላት። አሁን መኪናው ጨርቅ ተከናንቦ ጥግ ቆሟል። እናቷ ሆስፒታል ከተኛች ወር አልፏታል።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አክስቷ ናት፤ የእናቷ ታናሽ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ።

«ዛሬም ጃፓን ነሽ?»

«እ።»

«ቪዛሽ መቼ ነው የሚያልቀው? ጃፓን ደርሶ የሚመለስ ሰው እንኳ እናቱን ይጠይቃል።»

«ጉንፋን ይዞኛል አልኩሽ እኮ።»

«ይሄ ጉንፋን ትምህርት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተመርቀሻል።»

እናቷ የተኛችበት ክፍል በር ላይ «ጉንፋን ያለበት አይገባም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቁልፌ አንዴ ሄዳ አንብባዋለች። እርግጥ ያን ቀን አፍንጫዋን ትንሽ አፍኗት ነበር። በበሩ መስታወት አሻግራ አየች፤ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፣ ራሷ ላይ አንድ ዘለላ ፀጉር የለም። የላጨቻት አክስቷ ናት። «በመድኃኒቱ ከሚረግፍ በእህቴ እጅ ይሂድ» ብላ እናቷ ራሷ ነበረች የለመነቻት። ቁልፌ አላለቀሰችም። ምንም አልተሰማትም፤ የፈራችውም እሱኑ ነው። ማንም ሳያያት ተመለሰች። ጉንፋኑ ከዚያ ወዲህ አልለቀቃትም።

አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ስሚ፤ ሰኞ ሌላ ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል ሊወስዷት ነው። እዚያ ምን ያህል እንደምትቆይ የነገረን የለም። ዛሬና ነገ ናቸው ያሉሽ።» ተነሳች። «አልጎትትሽም። እኔም ሙሽራ እየጠበቀችኝ ነው።»

አክስቷ እንደወጣች ስልኩ ጠራ። እናቷ ናት፤ ሁሌም በድምፅ ብቻ ነው የምትደውለው።

«ቁልፌ፣ ጃፓን ናት አሉኝ። በረዶ አለ?»

«አለ።»

«ይብረዳቸው። እኔ የማየው አንድ ግድግዳ ነው፣ እሱንም በቃሌ ይዤዋለሁ። እስቲ እኔንም አስጎብኚኝ።»

«ሊንኩን ልላክልሽ?»

«ጃፓን ምን ያደርግልኛል? ሰፈራችንን አሳዪኝ። ከበራችን ጀምረሽ።»

ቁልፌ እምቢ የምትልበት ሰበብ ፈለገች፤ አጣች። ጫማ አጠለቀችና ቪዲዮውን ከፈተች። ስልኩ ላይ የእናቷ መስኮት ጥቁር ነው፤ ራሷን አታሳይም። ቁልፌም ካሜራውን ወደ ውጭ አዞረችው። ጉብኝት እንዴት እንደሚጀመር ከባለቦቲዋ ሌላ ያስተማራት ስለሌለ፣ በሩ ላይ ቆማ እንደ እሷ ወገቧን አጥፋ እጅ ነሳች። ስልኩም አብሯት አጎነበሰ።

«ይሄ የኔ ጫማ አይደለም እንዴ?» አለች እናቷ።

«የኔው ጠቦኛል።»

«ልክሽ ሆነ?»

«ሆነ።»

«በይ ሂጂ።»

ሄደች። የጎረቤትን ሰማያዊ በር አሳየቻት፣ አጥር ላይ የተዘረጋች ድመት አሳየቻት፣ ብልጭታው መንገድ ድረስ የሚረጭ ብረት በያጅ አሳየቻት። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ አንገቱን አሰገገ።

«እናትሽ ናት? ሱሪዬን ጠይቂልኝ። አንዱን እግር አሳጥራ ሌላውን ትታው ነው የሄደችው።»

«እስክመጣ በአንድ እግሩ ይቁም በይው» አለ ስልኩ። ባለሱቁ ሳቀ። እናቷም ሳቀች፤ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራትና ሳቁ ተቆረጠ። ቁልፌ እስኪመለስላት ቆማ ጠበቀች።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ።

«ግራ ወይስ ቀኝ?» አለች ቁልፌ። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«ግራው ወዴት ነው?» አለች እናቷ፣ እንደማታውቅ ሆና።

«ዞሮ ቤት።»

«ቀኙስ?»

«ፌርማታ።» በሆስፒታሉ በኩል የሚያልፈው አውቶቡስ እዚያ ይቆማል። ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ።

እናቷ «ግራ» አለች። «ነፋስ አለ፤ ጉንፋንሽ ይብስብሻል። እኔም ትንሽ ሰው ስመስል ብታዪኝ ይሻላል።»

ተመልካቿ አንድ ናት፤ ድምፅዋን ሰጥታለች። ባለቦቲዋ ብትሆን ለምን ሳትል ወደ ግራ ትታጠፍ ነበር። ቁልፌ ቆመች። ውስጧን ፈተሸችው፤ ያው ነው፣ ምንም የለም። እንዳለ ይዛው ወደ ቀኝ ታጠፈች።

«ቁልፌ፣ ግራ እኮ ነው ያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ጉንፋንሽስ?»

«የለብኝም።»

አውቶቡሱ መጣ። መስኮት አጠገብ ተቀመጠችና እናቷ መንገዱን እንድታይ ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠጋችው። ከስልኩ ጥቁር መስኮት ውስጥ ብርድ ልብስ ሲገፈፍ፣ መሳቢያ ሲከፈት፣ እናቷ ነርሷን «እባክሽ ሻሼን፣ ልጄ እየመጣች ነው» ስትል ተሰማ።

«ሻሹን ተዪው፣ እማ» አለች ቁልፌ። «አይቼሻለሁ።»

የስልኩ መስኮት ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ቁልፌም አልቸኮለችም፤ ገና መንገድ አለ።