ቀኝ ዓይን፦ ሰባት ተኩል

የቆንጅት ግራ ዓይን ሐሙስ ጠዋት ጠፋ።

ከጪጩ ዲላ ድረስ የመጣችው የእህቷን ክንድ ይዛ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። "መርፌ ላይ ክር ላስገባ ስል ጨለመብኝ" አለች።

በዓይን ክሊኒኩ የምትለካው ሩሃማ የቆንጅትን ካርዶች አወጣች። እንቅርት አንዳንዴ ከዓይን ኋላ ያለውን ሥጋ ያሳብጥና ነርቩን ያንቃል። የክሊኒኩ መለኪያ ዓይንን በቀስታ ወደ ጎድጓዳው እየገፋ፣ ሥጋው ምን ያህል እንደሚገታው በቁጥር ይናገራል። ከአሥር ያለፈ በዚያው ቀን ሐዋሳ ይላካል። አንድ እጅ ስለሚሳሳት ሁለት ሰው፣ በየክፍሉ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ይለካል።

የዛሬ ሳምንት ሩሃማ ለሁለቱም ዓይን ስድስት ጽፋለች። ሁለተኛዋ ለኪ ሲስተር አትጠገብ፣ ስድስት ተኩል።

የቀረውን ዓይን ልትለካ ስትጫን የወንበሩ ራስ ማስደገፊያ ሸርተት አለ። ብሎኑ ላልቷል። ያፈገፈገው ዓይኑ አልነበረም፤ የቆንጅት ጭንቅላት ነው።

እህትየዋ ጭንቅላቷን ደግፋ ያዘችላት። አሥራ አንድ።

ቆንጅት ከቀትር በፊት ወደ ሐዋሳ ተላከች።

ጥፋቱ የሩሃማ ነበር፤ ያለፈው ሳምንት ስድስት የመጣው ከላላው ወንበር ነው። ግን የሲስተር ወንበር ሌላ ነው። ሄዳ ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ አላለም። መለኪያውንም በክብደት ፈተነችው፤ ልክ ነው። ታዲያ ደህናው ወንበር የተበላሸውን ስህተት እንዴት ደገመው?

ካርድ ክፍል ሄዳ ሠራተኛውን ሙሌን ያዘችው።

"ካርዴን ማን ያየዋል?"

"እኔ ቁጥርሽን ምን ላርገው፣ ቤት አልሠራበት።"

"ሙሌ፣ የሴትየዋ ዓይን ጠፍቷል።"

ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። "መሳቢያ ሳልከተው ሲስተር ጋ አደርሰዋለሁ። እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ።"

አላመነችውም። መለኪያ አያያዝ እጇን ይዘው ያስተማሯት ሲስተር ናቸው። "የሌላውን ካርድ ያየ እጁ ይቆረጥ" ያሉትም እሳቸው።

በማግስቱ ጋሽ መልከጼዴቅ ከዱመርሶ ለምርመራ መጡ። ቀኝ ዓይናቸውን የቡና ቅርንጫፍ ወግቶት ጠፍቷል፤ በቦታው ያለው ሰው ሠራሽ ነው። አይንቀሳቀስም፤ የሚያይ ሰው ከበር ላይ ይለየዋል።

"ሲስተር ካልጠየቁዎት አይንገሯቸው" አለቻቸው።

"ሚስቴንም ሁለት ወር ደብቄያት ነበር" አሉ።

ሩሃማ ሳትለካ በትልቁ ጻፈች፦ ቀኝ ሰባት። ካርዱን ለሙሌ ሰጠችው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጋሽ መልከጼዴቅ ከሲስተር ክፍል ወጡ። "ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ስለ ቡናችን ጠየቀችኝ። እጇ ግን አልነካኝም።"

የሲስተር ካርድ፦ ቀኝ ሰባት ተኩል።

ሩሃማ ሲስተር ክፍል ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። "ሲስተር፣ ይሄ ዓይን ፕላስቲክ ነው።"

አትጠገብ ካርዱን ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ብርሃን ፈለጉለት። ያኔ ለሩሃማ ገባት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማያዩት?"

"ያንቺ ጽሑፍ ትልቅ ነው" አሉ። "የመለኪያው መስመሮች ግን ከተደባለቁብኝ ዓመት አለፈ። ብናገር በማግስቱ ያሰናብቱኛል፤ የማታይ ነርስ የዓይን ክሊኒክ ምን ይሠራላታል? አንቺ ደግሞ ጎበዝ ነሽ ልጄ። እጅሽን አምኜ ነው።"

"እርስዎ እዚያ የተቀመጡት እኮ እንዳያምኑኝ ነበር።"

አትጠገብ ካርዱን መለሱላት። ሩሃማ ይዛው ወጣች። የዓመቱ ታካሚዎች በሙሉ ተጠርተው እንደገና መለካት አለባቸው።

ሪፖርቱን ቆማ ጻፈችው። በመጀመሪያው መስመር የራሷን ስምና የላላውን ወንበር አሰፈረች። ይሄ አላስቸገራትም። እጇ የቆመው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ከዚያ "አትጠገብ" ብላ ጻፈች፤ እንደ ልማዷ በትልቁ።