የሾፌሩ ልጅና ጊታር ጠጋኙ

ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ይሁን በምላሷ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ የመለዋወጫ ሱቆቹ መደዳ ላይ፣ የመኪና ወንበር ልባስ የምትሰፋበት ጠባብ ታፒሴሪ ቤት አላት። ሌዘር ስትቆርጥ መስመር አታሰምርም። በዓይኗ ለክታ፣ መቀሱን አስገብታ አንዴ ነው የምትሄድበት።

ያን ማክሰኞ ጧት ግን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ጎኗ ያለውን ክፍል ከተከራየ ገና ሁለት ሳምንት የሆነው ጊታር ጠጋኝ ዘንድ ዘው ብላ ገባች። ሰላም ሳትል የስፒከሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለችው።

ልጁ በአንድ እጁ ኮላ፣ በሌላው የተሰነጠቀ ጊታር እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ የሰው ቤት ሲገባ እኮ ይንኳኳል።»

«የሰው አባት ሲሰደብስ?»

«ማን ሰደበ?»

«ይቺ ዘፋኝህ።»

ዘፋኟን አገር ያውቃታል። ጊታሯን አንግታ፣ በየመሀሉ ሃርሞኒካ እየነፋች፣ ጎረቤት ቁጭ ብሎ የሆነውን ሲያወራ በሚመስል ድምፅ የምትዘፍን ሴት ናት፤ ሕዝቡ «ተራኪዋ» ይላታል። ዘፈኑም «ቁልቁለቱ» የሚባለው ነበር።

«ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ፣ መሪው ደግሞ ለስላሳ፣
ሾፌሩ ዓይኑን ከደነ፣ መንገዱን ረሳ…»

«ያ ሾፌር አባቴ ነው» አለች መርፌ። «አልተኛም። ፍሬን ነው እምቢ ያለው። ይሄን ዘፈን ደግመህ ብትከፍት ስፒከርህን በመቀስ ነው የምቆራርጥልህ።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ክር ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረች።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። አባቷ የሚነዳው አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ አራት ሰው ሞተ። እሱ ሁለት ዓመት ታሰረ፣ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ከዚያ ወዲያ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ዘፈኑ የወጣው በተፈታ ሰሞን ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች እሷን እያዩ ሲያንጎራጉሩት ከአንዷ ጋር ተናንቃ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ቤት ገባች። እናት የላትም። አባቷ ደሙን እየጠረገላት «ፍሬኑ ነው የኔ ልጅ፣ ብረት ነው፣ ይከዳል» አላት።

ያንን ቃል ይዛ አደገች። ዘፈኑ በተጀመረበት ቦታ ሁሉ ወይ ታጠፋዋለች፣ ወይ ጥላ ትወጣለች። አንዴ እንዲያውም ከተሳፈረችበት ታክሲ መሀል መንገድ ላይ ወርዳ በእግሯ ሄዳለች። ከሁለተኛው ስንኝ በላይ ሰምታው አታውቅም።

በአውቶቡሱ ባለቤት ላይ ግን ቂም አልነበራትም። ሰውየው ቀብር ላይ ቆሞ አልቅሷል፤ አባቷ ታስሮ ሳለ ቀለቧንና የትምህርት ወጪዋን ችሏል፤ ሲፈታም ሊጠይቃቸው መጥቷል፤ እሷ ሱቁን ስትከፍት ደግሞ የአሥራ ሁለት አውቶቡሶቹን ወንበር ለሷ ሰጥቷል። «ጋሼ» ነው የምትለው።

በማግስቱ ጊታር ጠጋኙ በሯ ላይ ቆሞ አንኳኳ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። አላወቅኩም ነበር። ያንን ዘፈን አልከፍተውም። ሌሎቹን ግን ቀስ አድርጌ እከፍታለሁ፤ ያለሷ እጄ አይሠራም።»

«እንደፈለግክ። እኔ ጆሮ እንዳይደርስ ብቻ።»

እንዴት አይደርስ? በመሀላቸው ያለው አንዲት ስስ ጣውላ ናት። አንድ ቀን ተራኪዋ ስለ አንዲት ቲኬት ቆራጭ መዝፈን ጀመረች። ሴትየዋ የሰውን ሁሉ መሄጃ ታውቃለች፣ እሷ ራሷ ግን የትም ሄዳ አታውቅም። አንድ ዝናባማ ጧት መስኮቷን ዘግታ፣ ለራሷ ቲኬት ቆርጣ፣ ወረፋ ያዘች። መርፌ ሳታውቀው እግሯ ከማሽኑ ፔዳል ላይ ተነሥቷል። ልክ አውቶቡሱ ሲመጣ ድምፁ ተቋረጠ። ደንበኛ ገብቶ ነበር።

ታገሠች፣ ታገሠች፣ አልቻለችም። ተነሥታ ሄደች።

«ሄደች ወይስ ቀረች?»

«ማን?»

«ቲኬት ቆራጯ።»

ልጁ ሳቁን በብርጭቆ ወረቀቱ ፍተጋ ድምፅ ሸፈነ። «አትነግርሽም። እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

«ይሄማ ማጭበርበር ነው።»

«ሌላው ዘፋኝ ‹ናፈቅሽኝ› ይልሻል፣ በቃ። እሷ ግን የጫማሽን ክር ሳታስሪ በር ላይ እንደቆምሽ ትናገራለች። ናፍቆቱን አንቺ ነሽ የምታመጪው። ሲነግሩሽና አንቺው ስትደርሺበት አንድ አይደለም።»

«ውሸቷንም እንደዚሁ ነው የምታሳምረው» አለችና ሄደች። ግን በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው፤ እሱም እያያት ነበር። ሁለቱም ባላየ አለፉት።

ሦስት ወር እንዲህ እየተጣሉ ቆዩ። ጧት በተራኪዋ ይጣላሉ፣ ምሳ ሰዓት ዳቦ ይካፈላሉ፣ ከሰዓት ደግሞ በዳቦው ይጣላሉ። እሷ ከትርፍራፊ ሌዘር የጊታር ቦርሳ ሰፋችለት። እሱ ቦርሳውን ሲቀበል ጣቱ ጣቷ ላይ ትንሽ ቆየ። መደዳው አወቀባቸው። የመኪና ቸርኪ ሻጩ «መርፌ ክር አገኘች» እያለ ሱቅ ለሱቅ አዳረሰው።

አንድ ቀን ልጁ ደንገጥ ብሎ መጣ።

«የተራኪዋ ጊታር አንገቱ ተሰብሯል። እኔ እንድሠራው ላኩልኝ። ቅዳሜ ራሷ መጥታ ትወስደዋለች።»

መርፌ የያዘችውን ሌዘር አስቀመጠች። «ስትመጣ ጥራኝ» አለች። «ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ንግግር አለ።»

«እጠራሻለሁ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መናኸሪያው ውስጥ የጋሼን አውቶቡስ ወንበር እያለበሰች ነበር። ስልኳን ደረት ኪሷ ውስጥ አድርጋዋለች። አልጮኸም። ወደ ሱቋ ስትመለስ አንዲት ነጭ መኪና ከመደዳው ወጥታ ስትታጠፍ አየች፤ በመኪናዋ የኋላ መስኮት የጊታር ጫፍ ይታያል።

«መጥታ ሄደች» አለችው፣ በሩ ላይ ቆማ።

«አዎ።»

«መናኸሪያው አምስት ደቂቃ ነው። ስልኬን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።» ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ላንቺ ብዬ እኔ ጠየቅኳት። ‹ያልተኛን ሰው ለምን ተኛ አልሽ› አልኳት።»

«እሺ፣ ምን አለች?»

ልጁ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳ።

«ምን አለች?»

«አባትሽን ጠይቂው።»

«አንተን ነው የጠየቅኩት።»

«የእኔ ነገር አይደለም። ከእኔ አፍ ልትሰሚው አይገባም።»

መርፌ የሰፋችለትን ቦርሳ ከተሰቀለበት አወረደችና ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም» አለች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ኩሽና ውስጥ ድንች እየላጠ ነበር።

«አባዬ፣ ተራኪዋን ታውቃታለህ?»

ቢላዋው ቆመ። አባቷ ድንቹን ውሃው ውስጥ ከተተ፣ እጁን ጠረገ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ሰጣት። አልተቀመጠችም።

«ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ እሱን አልሰማም።»

«እኔ እሰማዋለሁ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ።» ቢላዋውን ወደ ጎን ገፋው። «ፍሬኑ ደህና ነበር።»

መርፌ ወንበሩን ገፍታ ወደ እሱ ቀረበች።

«እስር ቤት ልትዘፍንልን መጥታ ነበር» አለ አባቷ። «ስትጨርስ መሀላችን ቁጭ አለች። ብዙ አታወራም፣ ታዳምጣለች። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ሦስት ቀን ሳልተኛ መንዳቴን ነገርኳት። ሁለቴ ‹አልቻልኩም› ብለው ባለ አውቶቡሱ ጌታዬ ‹ቁልፉን አስረክበህ ሂድ› እንዳለኝ ነገርኳት። ስሜን አትጥሪ ብያት ነበር፤ አልጠራችም።»

«ለዳኛው ለምን አልተናገርክም?»

«‹አንተ ዝም ካልክ እኔ ልጅህን አልጥልም› አለኝ ጋሼሽ። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ማን አለሽ?»

«እኔንስ? ለእኔስ ለምን ዋሸኸኝ?»

«‹አባቴ አልተኛም› ብለሽ ከንፈርሽን ተሰንጥቀሽ መጣሽ። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

«ዘጠኝ ዓመት ከሰው ተጣላሁልህ፤ ከታክሲ ወረድኩልህ። እውነቱን የነገረችኝን ሴት ዘጠኝ ዓመት ረገምኩልህ።» ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ እያለ ሄደ። አባቷን ያስፈራውም እሱ ነው።

የአባቷን ስልክ ተቀብላ ዘፈኑን ከፈተች። ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ፊቱን እንዲመታው ያደርጋል። ረዳቱን «በጥፊ በለኝ» ይለዋል። የሴት ልጁን ፎቶ ከመሪው ፊት ለፊት ለጥፎ ከእሷ ጋር ጮክ ብሎ ያወራል፣ እንዳይተኛ። ከዚያ የመዝጊያው ስንኝ መጣ፣

«ባለቤቱ ጥቁር ለብሶ፣ ቆሞ አነባ ከእኛ ጋራ፣
ሦስት ቀን ያላስተኛው ሰው፣ ስሙን ማንም አልጠራ።»

ሃርሞኒካው ሲያበቃ መርፌ ፊቷን ጠርጋ ወጣች።

ሰኞ ጧት ጋሼ ልባሱን ሊያይ ሱቋ መጣ። ተቆርጦ ያለቀውንም ያላለቀውንም ጠቅልላ በር ላይ አቁማው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«የእርስዎ ሌዘር ነው። ሌላ ሰፊ ይፈልጉ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አባቴ ስንት ቀን ሳይተኛ ነበር የነዳው?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «የቆየ ነገር ምን ይጠቅማል? ያሳደግሽ እኔ ነኝ። አባት ሆኜሻለሁ።»

«አባት አለኝ። የተናደድኩበት አባት ነው፣ ግን አለኝ። እርስዎ ዝምታ ነው የገዙት፤ ዋጋው የአሥራ ሁለት አውቶቡስ ወንበር ሆኖ፣ እኔው ሳላውቅ ስሰፋው ኖርኩ። የሾፌሮችዎን ወንበር ምቾት እንዲሰጥ አድርጌ ሠርቻለሁ። እንቅልፉን ግን እርስዎ ይስጧቸው።»

መደዳው ሁሉ በር በሩ ላይ ወጥቶ ነበር። ሰውየው ጥቅሉን እንኳ ሳያነሳ ሄደ። ትልቁ ደንበኛዋ ነበር፤ በእሱ ቦታ ማን እንደሚተካ የምታውቀው ነገር አልነበራትም።

ጊታር ጠጋኙ መጥቶ ጥቅሉን ከመንገድ አነሳላት።

«አልታረቅኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ። እጠራሻለሁ ብዬ አልጠራሁሽም።»

«ለምን?»

«መደዳው ፊት እሷን ልትሰድቢያት ነበር። መልሳ እውነቱን ብትነግርሽ፣ አባትሽ በሰው ፊት ሊዋረድብሽ ነው። መልሷን ከሰማሁ በኋላ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት።»

መርፌ አየችው። ትክክል መሆኑ ራሱ አናደዳት። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርግ። ለእኔ ምን እንደሚከብደኝ እኔ ነኝ የምወስነው።»

«ሁለተኛ አላደርግም።»

በሚቀጥለው እሑድ አባቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ «ከሞቱት የአንደኛውን እናት ቤት አውቀዋለሁ» አለ። «ከአንቺ ቀጥሎ ለእሷ ነው መናገር ያለብኝ።» መርፌ ንዴቷ አልበረደላትም፤ ብቻውን ግን አልሰደደችውም። ጊታር ጠጋኙም ማንም ሳይጠራው ተከተላቸው።

በሩን የከፈቱት ጠና ያሉ ሴት የመርፌን አባት ገና ሲያዩት አወቁት። አንዲት ቃል ሳይናገሩ መልሰው ዘጉት። አባቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። «እጠብቃለሁ» አለ።

ሁለቱ ከመንገዱ ማዶ፣ አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ይፋጃል። ብዙ ቆዩ።

«ታገቢኛለሽ?» አለ ልጁ፣ ወደ በሩ እያየ።

«አሁን? ተናድጄ እያየኸኝ?»

«የማውቅሽ ተናድደሽ ነው። ደስ ሲልሽ ምን እንደምትመስይ ለማየት እኮ ነው የማገባሽ።»

ልትቆጣው ዞረች፣ አፏ ግን አልታዘዛትም። ሳቋን ለመደበቅ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። እንደተደፋች እጇን ሰደደችለት፣ እሱም ያዘው።

ማዶ የበሩ መቀርቀሪያ ሲንቋቋ ተሰማ። ሦስቱም ተነሥተው ቆሙ። እናትየው የመርፌን አባት፣ ከዚያም ከመንገዱ ማዶ የቆሙትን ሁለቱን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ፊታቸው አልተፈታም።

«ግቡ» አሉ። «የምትነግረኝን ቁጭ ብዬ ነው የምሰማህ።»