ያልተጫነው ፓኬት መያዣ

የኔትወርክ መሐንዲሱ አስከሬን የተገኘው በሰርቨር ክፍሉ በር ሥር ነው። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ የበሩ ቀለም ተፍቋል። አየር የሚያሳጣው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ሲለቀቅበት በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። የጋዙ መልቀቂያም ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ነው።

ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ዘበኛውና ቴክኒሻኑ፣ የሟች ሚስት ወንድም። ሥራ አስኪያጁ ግን እስከ ሁለት መቁጠር አላስፈለገውም። «ዘበኛው ነው፤ ውሰዱት» ብሎ አረፈው። ወንጀለኛ የሚመረጠው በደሞዝ ማነስ ይመስል!

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ፊቷን ወደ ዘበኛው አዞረች። በካቴና ታስረው ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ምን ሰሙ?»

«ምንም ልጄ። የማሽኑ ጩኸት ያደነቁራል። በሩን ተቆልፎ ሳገኘው ወጥቷል ብዬ አለፍኩ።»

ቴክኒሻኑ ዓይኑ ቀልቷል። እህቱ፣ የሟች ሚስት፣ ትከሻውን ይዛለች። «አይዞህ ጭራሮ» ትለዋለች። በዚህ ስም የምትጠራው እሷ ብቻ ናት።

«ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?» አለችው መርፌ።

«ከምሳ በፊት። ደህና ነበር፤ ቀልዶብኛልም። የፓኬቶቹ መስመር ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እየወረደ ‹ሌባው ዛሬ ይያዛል› አለኝ። ትቼው ወጣሁ። ከእኔ በኋላ የመጣው ዘበኛው ነው።»

«የምን ሌባ?»

«የደንበኞቻችን መረጃ እየተሰረቀ ወደ ውጭ ይላካል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አዲስ ኮምፒውተር ሰጥቼ አጣራ ያልኩት እኔ ነኝ።»

መርፌ ብቻዋን ገባች። ከሟቹ ኮምፒውተር ፊት ብዙ ቆየች፤ የቴክኒሻኑንም ከፍታ አየች። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ይህ የኔትወርክ መመርመሪያ ፕሮግራም ብቻውን ዕውር ነው» አለች። «በገመዱ የሚያልፉትን የመረጃ ቁራጮች፣ ፓኬቶቹን፣ የሚይዝለት ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አንድ መስመር አያሳይም። ሟቹ መጫን ጀምሮ ነበር፤ አልጨረሰም። ይኸው፣ ‹ልቀጥል?› እያለ እስካሁን ይጠብቀዋል። ታዲያ አንተ ያየኸው መስመር ከየት ወረደ?»

ቴክኒሻኑ ከስክሪኑ ፊቱን አዞረ። «ከሌላ ቀን ጋር ተምታቶብኝ ይሆናል።»

«ከራስህ ማሽን ጋር ነው የተምታታብህ። እዚያ ፕለጊኑ ከተጫነ ቆይቷል፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት መስመሩ ይወርዳል። እዚህ ግን መጫን ሲጀምር አየህ፤ ከጨረሰ እንደሚይዝህ ገባህ። ወጥተህ ቆለፍክበት፣ ጋዙን ለቀቅክበት። ከዚያም ‹ስወጣ በሕይወት ነበር› ለማለት፣ ያልጨረሰውን ሥራ በወሬ ጨረስክለት።»

«እህቴን ባል አልባ የማደርግ ሰው ነኝ?»

መርፌ «ቀጥል» የሚለውን ተጫነች። ባዶው መስኮት ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ። አንድ ማሽን አሁንም መረጃ ወደ ውጭ እየላከ ነበር። ለማቆም ማን ይቸኩላል? የሚያየው ሰው ሞቷል።

ሚስቲቱ የወንድሟን ትከሻ እንደያዘች ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። የላኪውን ማሽን ስም አነበበች።

«ጭራሮ» አለች።

እጇን ከወንድሟ ትከሻ አነሳች።

«በሩን ሲደበድብ ቆመህ ትሰማው ነበር?»

መርፌ የሽማግሌውን ካቴና ፈታች፤ ወደ ኪሷ ግን አልመለሰችውም።