ከድንጋዩ ጋር የመጣው

በዚያ ዓመት ገብሱ ዘግይቶ ደረሰ። ይሻው ለጎረቤቱ ለአስማማው ወንፈል ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድለት ዋለ። በማግስቱ አስማማው ተራውን ለይሻው ሊያጭድ ነበር፤ ግን በሬ ሊሸጥ እብናት ወረደ። ከቀትር በኋላ የጉና ተራራ ጠቆረ፤ በረዶ መጣ። ገብሱ ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ። የይሻው ሚስት ዓይናለም ነፍሰ ጡር ነበረች። በጋውን ተርባ አሳለፈች፤ ስርጉትን ወልዳ፣ ክረምቱን ሳታይ ሞተች።

አስማማው ያንን ቀን ሳይመልስ ሞተ። ይሻው ትንሿን ልጁን ስርጉትን ይዞ ደብረ ታቦር ገባ። ማሳውን ግን አልለቀቀም።

ስርጉት አድጋ የባዮሎጂ መምህርት ሆነች። አንድ ቀን ከባሕር ዳር ስትመለስ፣ ሐሙሲት ላይ አንድ ወጣት ጀሪካን አቅፎ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠ። መንገዱ አነጠራቸው። ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«ይቅርታ እህቴ። ጨው ነው፤ ምልክት ይተዋል።»

«ምንድን ነው?»

«ባሕር።»

ሳቀች። ወጣቱ ክዳኑን ከፍቶ አሳያት። ትናንሽ ብርቱካናማ ዓሦች ይዞራሉ።

«የጅቡቲ ዓሣ አጥማጅ ሰጠኝ። ይሞታሉ ብዬ ነበር፤ እምቢ አሉ። መኪናዬ ነው እዚህ የሞተችው።»

«ለእኔ ስጠኝ። ተማሪዎቼ ባሕር አይተው አያውቁም።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ስሙ ቢሆነኝ ነበር፤ የጭነት መኪና ሾፌር። የአባቷን ስም ጠየቃት። ነገረችው። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም። ዓይን አፋር መሰላት።

መስታወት ቆራጭ ጋ የዓሣ ገንዳ አሠርታ፣ ተማሪዎቿ እየመጡ እንዲያዩት ቤቷ አስቀመጠችው። ቢሆነኝ ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር የባሕር ውኃ አመጣላት፤ አንዳንዴም ዓሣ። አንድ ጊዜ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ አመጣ፤ ሐምራዊ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ በላዩ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለበት። አብረው ውኃው ውስጥ ሲያስቀምጡት እጆቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም ቶሎ አላወጡም።

ከዚያ በኋላ ዓሦቹ መጥፋት ጀመሩ።

መጀመሪያ ያየው ይሻው ነበር። በርጩማውን ገንዳው ፊት አድርጎ ይቀመጥ ነበር።

«ቢጫው የለም።»

«ዘሎ ወጥቶ ይሆናል፣ አባባ።»

«ወለሉን አይቻለሁ።»

በሳምንቱ ከአሸዋው ላይ ጅራት ብቻ አገኘች። በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ለቢሆነኝ አልነገረችውም፤ ስጦታውን መክሰስ መሰላት።

ቢሆነኝ እንደገና ሲመጣ ይሻው በሩ ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው፤ የሚያውቀውን ሰው መሰለው።

«የማን ልጅ ነህ?»

ቢሆነኝ ኮፍያውን አወለቀ። «የአስማማው።»

ገንዳው ውስጥ የአየር መንፊያው ይንተከተካል። 

«ታውቅ ነበር?» አለች ስርጉት።

«ከሐሙሲት ጀምሮ።»

ይሻው ድምፁን አላነሳም። «አባትህ የእኔን ቀን ይዞ ሞተ። አንተ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ የማታውቀውን ድንጋይ ቤቴ አስገባህ። ሂድ።»

ሄደ። ስርጉትን ዞሮ አላያትም።

«ድንጋዩንም ጣዪው» አላት አባቷ።

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልጥልም።»

አንብባ ሁለት ፍጥረት ጠረጠረች። አንደኛው እንደ ፌንጣ ያለ፣ ቀንድ አውጣ ሰባብሮ የሚበላ፤ ሁለተኛው ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ ዓሣ የሚቆርጥ የባሕር ትል። ከድንጋዩ ጋር የመጡትን ቀንድ አውጣዎች ባዶ ቤት ከአሸዋው አውጥታ መዳፏ ላይ አገላበጠች። አንዱም አልተሰበረም፤ ትሉ ነው ማለት ነው።

አመሻሹ ላይ መስኮቱን በጋቢ ጋረደች። ትሉ ቀይ ብርሃን ስለማያይ የእጅ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ጠቅልላ ለአባቷ ሰጠችው። «አያንቀጥቅጡት።»

«ዕድሜዬ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

ሥጋ በክር አስራ ወደ ድንጋዩ ሥር አወረደች። ጠበቁ። የቀሩት ዓሦች ጥግ ላይ ተከማቹ። ከዚያ ከድንጋዩ ግርጌ አምስት ቀንድ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ናፍጣ የፈሰሰበት ውኃ የመሰለ ገላ። መንጋጋው ተከፍቶ ተዘጋ። ክሩ ባዶውን ቀረ።

ይሻው አማተበ። «ይህ ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ከእኛ ጋር ሲያድር ነበር።»

«እንደ ሰውዬሽ፣ ተደብቆ።»

ስርጉት ወደ አባቷ ዞረች። «ይህ የተደበቀው ሊበላ ነው። ቢሆነኝ ለምን እንደተደበቀ እኔ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም።»

 ይሻው ባትሪውን ድንጋዩ ላይ እንዳበራ ቆየ።

ድንጋዩን አውጥታ ባልዲ የዝናብ ውኃ ውስጥ ከተተችው። ጨው የሌለው ውኃ ትሉን አስጨንቆ አስወጣው። ከክንዷ ይረዝም ነበር። ጫፉ ግን የተበጠሰ ነው። ስርጉት ቁራጩ ሕይወት ይኖረዋል ብላ አሸዋውን እስኪደክማት ፈለገች፤ የቀረውን አላገኘችም።

የይሻው ገብስ ደረሰ። የሚያጭድ ሰው ጠፋ። ጠዋት ይሻው ማጭዱን ይዞ ከልጁ ጋር ወደ ማሳው ወጣ። ጉና አናቱ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። ይሻው ደመናውን አየ፤ ፍጥነቱን ጨመረ።

ማሳው ውስጥ ሰው ጎንብሶ ነበር። ሩቡ ታጭዷል። ጠርዙ ላይ የመኪና ሸራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ማን ጠራህ?» አለ ይሻው።

ቢሆነኝ ቀና አላለም። «ማንም። ቀኑ የእርስዎ ነው።»

ይሻው ቆመ። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ማጨድ ጀመረ። ስርጉት ነዶ እየሰበሰበች በመሐላቸው ተመላለሰች። አንድ ጊዜ ቢሆነኝ አጠገብ ቆየች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ከሚኒባሱ ትወርጂ ነበር።»

«ቀሚሴን አበላሽተህ የት እወርዳለሁ?»

ፈገግ አለ፤ ወዲያው ወደ ደመናው ቀና ብሎ አየ። እሷም አየች።

«ስለ ድንጋዩ ትል ከተማሪዎችሽ ሰማሁ» አለ። «ወጣ?»

«ግማሹ። ሌላው እዚያው አለ።»

«እንግዲያው አብረን እንጠብቀዋለን።»

ከቀትር በኋላ ሜዳው ጨለመ። የመጨረሻውን ነዶ ሲከምሩ የመጀመሪያው በረዶ የይሻውን ትከሻ መታው። ሸራውን ክምሩ ላይ ዘርግተው ሦስቱም በጠርዙ ሥር ገቡ። በረዶው ሸራውን ይደበድበዋል።

ከማሳው በታች ካለው ወንዝ ማዶ ያልታጨደ ገብስ ነበር። ሲጎነበስ፣ ከዚያም ሲተኛ አዩት። ቢሆነኝ ፊቱን አዞረ።

«የማን ነው?» አለ ይሻው። ማሳውን ያውቀዋል፤ ከአፉ ሊሰማ ፈለገ።

«የእናቴ።»

«እናትህ ያለምወርቅ የእሷን ትተህ እዚህ እንደዋልክ ታውቃለች?»

«ማጭዱን የሳለችልኝ እሷ ናት።»

 በረዶው ሲያባራ ይሻው ወጥቶ ክምሩን ዞረው። መሐሉን በማጭዱ አመለከተ።

«ከዚህ ወዲያ ያለው የእናትህ ነው። ነገ ትጭንላታለህ።»

«አባ ይሻው፣ እኔ ለዚህ አይደለም...»

«አውቃለሁ።» ማጭዱን በሣር ጠረገ። «ለያለምወርቅ ንገራት፤ የአስማማው ቀን ተመልሷል። ሽማግሌ ስትልክ አትዘግይ በላት።»