ከካርቶኑ የተረፈው ሳህን

ሩቲ መዝገቡ ፌስታል ትጠላለች። ይህን የማያውቅ የካዛንቺስ ባለሱቅ የለም። ዳቦ ስትገዛ ከቦርሳዋ የጨርቅ ከረጢት፣ ወተት ስትገዛ ክዳን ያለው ጠርሙስ ታወጣለች። ባለሱቆቹ «መጣችልን» እየተባባሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች።

አርአያን ያገኘችው ኡራኤል አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት፣ ሰልፍ ላይ ነው። ሻጩ ልማድ ሆኖበት ዳቦዋን ፌስታል ውስጥ ሲከትባት አውጥታ ወደ ከረጢቷ አዛወረችና ፌስታሉን መለሰችለት። ከኋላዋ የቆመው ረጅም ልጅ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«አይ፣ ማለቴ... እኔ ቤት ያለውን ፌስታል ብታዪ ዛሬውኑ ታሳስሪኛለሽ።»

«ከረጢት ያዛ!»

«ማን ሰጥቶኝ?»

በማግስቱ ሁለት ከረጢት ይዛ ሄደች። ለምን እንደያዘች ራሷን አልጠየቀችም። እዚያው ሰልፍ ላይ አገኘችው፤ የዚያን ቀን ዳቦ እንዳላስፈለገው የነገራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አርአያ ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ብቻውን ስለሚኖር ቤቱ የሃይላንድ ጠርሙስና የፕላስቲክ ማንኪያ መጋዘን ነበር። ሩቲ አንድ በአንድ አስተወችው። ውሃ አፍልቶ መጠጣት፣ ምሳውን በምሳ ዕቃ መያዝ ለመደ። በሶፍት ጉዳይ ግን ተኳረፉ፤ መሀረብ ሰፍታ ሰጠችውና ታረቁ።

«ስንጋባ ቤታችን የሚጣል ነገር አይገባም» አላት አንድ ቀን፣ ኦሎምፒያ ታክሲ ሲጠብቁ።

«ስንጋባ?»

«እ... አዎ። በቃ፣ ከአፌ ወጣ።»

ሩቲ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ታክሲው ሞልቶ ሄደ፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን በቆረጠ ሰሞን የሩቲ አባት አቶ መዝገቡ ሞቱ።

እናቷ ወይዘሮ ጀማነሽ የሰፈሩ ዕድር ዕቃ ጠባቂ ናቸው። የብረት ሳህኑም፣ ኩባያውም፣ ድስቱም በእጃቸው ነው። ነገር ግን ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ ዕድርተኛው ወደ ከተማው ዳር ተበትኗል። እንዲያም ሆኖ ሴቶቹ ታክሲ እየቀያየሩ ደረሱላቸው። ድንኳኑ ውስጥ አለቀሱ፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳፋውን ከበቡ።

አርአያ ያየው ግን ሩቲን ብቻ ነው። ውሃ ጠፍቶ ጄሪካን ስትሸከም፣ እጇ በሳሙና ሲሰነጣጠቅ፣ አባቷን በወጉ ሳታለቅስ ሳህን ላይ ስትጎብጥ አያት። በማግስቱ ጠዋት የሚጣል ሳህንና ብርጭቆ በካርቶን አስጭኖ መጣ።

«አርአያ! አንተ? ፕላስቲክ?»

«ለለቅሶው ብቻ፣ ሩቲዬ። እጅሽን ተመልከቺው እስቲ። አርፈሽ አባትሽን አልቅሺ።»

ደክሟት ነበር። ካርቶኑን ተቀበለችው።

ሴቶቹ እንግዳውን አበሉ፤ የተበላበትን ሳህን ሰብስበው ጣሉ። ከዚያ የሚሠሩት አጡ። ለቅሶ ቤት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የእንግዳ ነው፤ የቤት ሰው የሚያሰኘው ሳፋው ነው። እዚያ ነው የሟች ነገር የሚነሳው፣ እዚያ ነው ተለቅሶ የሚሳቀው። እርስ በርስ ተያዩ፤ «መንገዱ ሩቅ ነው» እያሉ ነጠላቸውን አጣፉ። ከሰዓት በኋላ ከወይዘሮ ጀማነሽ ጋር የቀረ አልነበረም። ለሥልስቱ ብዙዎቹ ሳይመጡ ቀሩ። «ለካ አላስፈለግንም» ተባብለዋል።

«ማነው ይህን ዕቃ ያመጣው?» አሉ እናቷ።

«አርአያ ነው፣ እማዬ። ለእኔ አዝኖ ነው።»

«በባሌ ለቅሶ ሰዎቼን የበተነብኝን ልጅ አማቼ አልለውም።»

አርአያ ሲሰማ ግራ ገባው። «እጄን በእጄ ቆረጥኩት» ብሎ ሴቶቹን በየሄዱበት እየፈለገ ይቅርታ ጠየቀ። ሁሉም «ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ» አሉት። እንዲህ ሲባል ደግሞ ተመልሰው አይመጡም ማለት ነው።

የአቶ መዝገቡ አርባ ዕለት ከሁሉም ቀድሞ መጣ። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ሳፋው አጠገብ ቁጭ አለ። ካህናቱና ጥቂት ጎረቤቶች በልተው ሄዱ። የቀረው የብረት ሳህን ተደርድሮ እንዳለ ነበር። አርአያ የተበላበትን ጨረሰና ያልተበላበትን ማጠብ ጀመረ።

«እነዚህ ንጹህ ናቸው» አለችው ሩቲ።

«አውቃለሁ።»

አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታለቀልቅለት ጀመር። ጣቶቻቸው ውሃው ውስጥ ይነካካሉ።

«ተው ልጄ፣ ተነስ» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ ከበሩ ላይ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

አርአያ ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ።

«ሰዉ ግን አይመለስም። የቀረችኝ እሷ ናት። እሷንም ከወሰድክብኝ ከማን ጋር ላልቅስ?»

«እትዬ ጀማነሽ፣ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ደስ እያለኝ...»

«በአማቼ ቤት ጥገኛ ልሁን? መዝገቡን! አላደርገውም።»

አርአያ ወደ ሩቲ ዞረ። አንዲት ቃል ብትናገር ይበቃው ነበር። ሩቲ በሩ ላይ የቆሙትን ጥቁር የለበሱ እናቷን አየች፤ ከኋላቸው ባዶውን ቤት አየች። አንገቷን ወደ ሳፋው ደፋች።

እሱ ግን መደወሉን አልተወም። ቀኑ እየጨለመባት፣ እየወደደችው «አትጠብቀኝ» አለችው።

«ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። አይኖርምም።»

ስልኩ እስኪቋረጥ ድረስ ትንፋሹን አዳመጠች።

ቆይቶ የእነሱም ቤት ፈረሰ። ማንም ወደማያውቃቸው ኮንዶሚኒየም ገቡ። ዕቃ ሲፈታ ከድስቶቹ ሥር ያ ካርቶን ወጣ፤ ጥቂት የሚጣሉ ሳህኖች ተርፈውበታል።

«ይህን አስወግጂልኝ» አሉ እናቷ።

ሩቲ አስወገደች። አንዱን ሳህን ግን አስቀረች። ቁርሷን በእሱ ትበላለች፤ እንዳይሰበርባት ያለ መፈግፈጊያ፣ በጣቷ ጫፍ ብቻ ታጥበዋለች። ጠርዙ ተሰንጥቋል።

«ሩቲ፣ እሱ እኮ አንድ ጊዜ ተበልቶበት የሚጣል ነው» አሏት እናቷ አንድ እሁድ።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

ከብረት ሳህኖቹ አጠገብ ደፍታ አስቀመጠችው። ወይዘሮ ጀማነሽ ሳህኑን ሲያዩ ቆዩና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ።

በሌላ ቀን ሳታጥበው ሥራ ሄደች። ስትመለስ ሳህኑ በጥንቃቄ ታጥቦ፣ እቦታው ተደፍቶ ጠበቃት።